«ቴሃኑ» ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፦ ስለ አንድ ቅር ያሰኘ ተከታይ ልብ ወለድ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለግዊን «ቴሃኑ» የተሰኘውን ልብ ወለድ በ1990 ስታሳትም የቀድሞ አንባቢዎቿ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ሥራውን በክብር ተቀበለው፤ መጽሐፉም ለዚያ ዓመት ምርጥ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት አገኘ። ሌላው ወገን ግን ተቀየመ። ለወጣቶች ተብለው በተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ውስጥ ከጠቢባንና ከዘንዶዎች ጋር ያደገ አንባቢ፣ ወደዚያው ዓለም ልመለስ ብሎ አራተኛውን ሲከፍት የጠበቀው አንዲት ባሏ የሞተባት የገበሬ ሚስት፣ አንድ ኃይሉ ያለቀበት ሰውና አንዲት ፊቷ በእሳት የተቃጠለ ሕፃን ናቸው። መርከቡ የለም፤ ጉዞው የለም፤ ፍልሚያውም የለም ማለት ይቻላል። እኔም መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁ ዕለት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ። ስጨርሰው አንድ የኔ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ ያህል ተሰማኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቅሬታ ከየት እንደ መጣ የመጻሕፍቱን ታሪክ ተከትሎ መመርመር ነው። ጥፋቱ የደራሲዋ ነው? የአንባቢው ነው? ወይስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ጋር አብሮ የተወለደ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የማነሳው ለጨዋታ ያህል አይደለም፤ ለዓመታት በሰጠሁት ትምህርት ላይ ያሳደሩት ውጤት አለና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ የመጻሕፍቱን ርእሶች ወደ አማርኛ የመለስኋቸው እኔ ነኝ።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ዘንዶ» ስንል በአማርኛ አእምሮአችን ውስጥ የሚመጣው ከምድር ጋር ተጣብቆ የሚሳብ ግዙፍ እባብ ነው፤ ወይም በዮሐንስ ራእይ ላይ ያለው ቀዩ ዘንዶ ነው፤ ወይም በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከነጩ ፈረስ እግር ሥር በጦር የተወጋው ነው። በአክሱም አፈ ታሪክም ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ሲያስገብር እንደ ነበረ ይነገራል። በሁሉም ዘንድ ዘንዶ መገደል ያለበት ነገር ነው። የለግዊን ዘንዶ ግን ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይናገራል። የሚናገረውም ነገሮች ሁሉ በተፈጠሩበት በጥንታዊው ቋንቋ ነው። ሰው በዚያ ቋንቋ ሲናገር መዋሸት አይቻለውም፤ ዘንዶ ግን ይዋሽበታል። ስለዚህ ይህን ፍጡር «ዘንዶ» እያልሁ ስጠራ ከቃሉ እጥረት የተነሣ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። በአንጻሩ፣ የመጻሕፍቱ ሌላው ምሰሶ የሆነው የእውነተኛ ስም ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር፣ ጠላት በስሜ ያስደግምብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ባለበት አገር ያደገ አንባቢ፣ ስሙን ያወቀ ሰውየውን ያዘ የሚለውን የለግዊንን ሕግ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ለግዊን በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስመ ጥር የሰው ዘር ጥናት ምሁር፣ እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደራሲ ነበሩ። የባዕድ ሕዝቦች ተረትና ሥርዓት በእራት ጊዜ በሚወራበት ቤት ማደጓ በኋላ በፈጠረቻቸው ዓለማት ላይ በግልጽ ይታያል። በ1964 ሁለት አጫጭር ታሪኮች በአንድ መጽሔት ላይ አወጣች፤ ደሴቶች፣ ጠቢባንና ዘንዶ በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ በጥሬው አሉ። በ1967 በርክሊ የነበረው የፓርናሰስ ማተሚያ ቤት አሳታሚ ኸርማን ሻይን ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍለት ጠየቃት፤ የምትጽፈውን ነገር ግን ለእርሷ ተወው። ያን ጊዜ የቶልኪን መጻሕፍት በርካሽ ሽፋን ታትመው በአሜሪካ ወጣቶች እጅ ገብተው ነበር። በዚያ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ጠቢብ ሁልጊዜ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ነው። ለግዊን በኋላ እንደ ተናገረችው፣ እነዚህ ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ምን ይመስሉ ነበር፣ ጥበቡንስ የት ተማሩት ብላ ጠየቀች። ከዚህ ጥያቄ «የምድረ ባሕር ጠቢብ» በ1968 ተወለደ።

መጽሐፉን ለማያውቁ ተማሪዎች ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጌድ የሚባል እናቱ የሞተችበት የፍየል እረኛ በጎንት ደሴት ይኖራል። አክስቱ የመንደሩ አስማተኛ ሴት ስትሆን የመጀመሪያዎቹን ቃላት ታስተምረዋለች። ከዚያም ኦጊዮን የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ እውነተኛ ስሙን ይሰጠዋል። ልጁ ትዕቢተኛና ችኩል ስለሆነ ወደ ሮክ ደሴት ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ከባልንጀራው ጋር ተፎካክሮ የማይጠራውን ይጠራል፤ በተከፈተው ስንጥቅ አንድ ጥላ ወጥቶ ያሳድደዋል። በፔንዶር ደሴት ሽማግሌውን ዘንዶ ስሙን ገምቶ ይይዘዋል። ዘንዶው በምላሹ የጥላውን ስም ሊነግረው ይደራደረዋል፤ ጌድ ግን የራሱን ደኅንነት ትቶ የደሴቶቹን ሰላም ይመርጣል። በመጨረሻ ከጥላው ጋር ባሕር ላይ ሲገናኙ የጥላው ስም «ጌድ» ሆኖ ይገኛል። ክፋቱ የሌላ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ በ«ቴሃኑ» ላይ የማቀርበው ክስ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

በ1971 «የአቱዋን መቃብሮች» ተከተለ። እዚህ የታሪኩ ማዕከል ጌድ ሳይሆን ቴናር ናት፤ በአምስት ዓመቷ ከእናቷ ተወስዳ፣ ስሟን ተነጥቃ፣ የጨለማ አማልክት ካህን እንድትሆን የተደረገች ልጅ። ጌድ የተሰበረውን ቀለበት ፍለጋ ወደ ጨለማው ዋሻ ሲገባ ትይዘዋለች፤ ልትገድለው ስትችል አትገድለውም፤ ተያይዘው ይወጣሉ። በ1972 ደግሞ «የሩቁ ዳርቻ» ወጣ። ጌድ የጠቢባን ሁሉ አለቃ ሆኗል፤ ከዓለም አስማት እየተንጠፈጠፈ ነው፤ ከወጣቱ መስፍን ከአረን ጋር እስከ ሙታን አገር ተጉዞ የተከፈተውን በር ይዘጋዋል፤ በዚያም ያለውን ኃይል ሁሉ ይጨርሳል። ካሌሲን የተባለው ጥንታዊ ዘንዶ በጀርባው አዝሎ ይመልሰዋል። ይህ ሦስተኛ መጽሐፍ በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ አገኘ። ሦስቱ መጻሕፍት ለብዙዎች የተጠናቀቀ፣ የተዘጋ ሥራ ሆነው ቀሩ።

ነገር ግን አልተዘጋም ነበር። ለግዊን በእነዚህ መጻሕፍት አንድ ትልቅ ልማድ አፍርሳለች፤ ሌላውን ግን ሳትነካ አልፋለች። ያፈረሰችው የቆዳ ቀለምን ነው። ጌድ ቀይ ዳማ ነው፤ የቅርብ ወዳጁ ቬች ጥቁር ነው፤ ነጮቹ ካርጎች በመርከብ መጥተው መንደር የሚያቃጥሉ ወራሪዎች ናቸው። ይህ በ1968 በአሜሪካ ለወጣቶች በሚጻፍ የዘንዶ ታሪክ ላይ ያልተለመደ ነበር፤ ደራሲዋም ነገሩን ሳትጮኽበት፣ በጎን፣ እግረ መንገዷን ነው የተናገረችው። አሳታሚዎች ግን በየሽፋኑ ላይ ጌድን ነጭ አድርገው ይስሉት ነበር፤ በ2004 የቴሌቪዥን ፊልም ሲሠራም ነጭ ተዋናይ ተሰጠው፤ ደራሲዋ ይህን በአደባባይ ተቃውማለች።

ያልነካችው ልማድ የወንድና የሴትን ነው። ሮክ ላይ የሚማሩት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የሚያስተምሩትም ወንዶች፤ ጠቢብ ሴት አያውቅም። የሴት አስማት ደካማም ክፉም እንደሆነ የሚናገር የጎንት ምሳሌያዊ አነጋገር በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ አካባቢ አለ፤ ተራኪው አያርመውም፤ ጌድን ያሳደገችው አክስትም ከእንግዲህ ስም የላትም። ቴናር ከዋሻው ከወጣች በኋላ ምን ትሁን? መጽሐፉ ወደ ኦጊዮን ዘንድ እወስድሻለሁ በሚል ተስፋ ያበቃል። በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ቴናር የለችም ማለት ይቻላል። ያችን የሚያህል ገጸ ባሕርይ ከዋሻ አውጥቶ የሚያኖሩበት ቦታ ማጣት እንግዳ ነገር ነው። እኔ ግን ሦስቱን መጻሕፍት ሳነብ ቴናር ወዴት ገባች ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን የምናዘዘው በኋላ ለምለው ስለሚጠቅም ነው።

ከ1972 እስከ 1990 ያለውን ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። ለግዊን ራሷ ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ አራተኛውን ጀምራ እንዳልሄደላት ተናግራለች፤ ቴናር የገበሬ ሚስት እንደሆነች ታውቃለች፣ ለምን እንደሆነች ግን አታውቅም። በእነዚህ ዓመታት በአሜሪካ የሴቶች ንቅናቄ ዩኒቨርሲቲዎችንና የሂስ መድረኮችን ለውጦ ነበር። የደራሲዋን የሐሳብ ለውጥ የሚያሳይ አንድ የማያጠራጥር ማስረጃ አለ። በ1969 ባሳተመችው «የጨለማ ግራ እጅ» በተሰኘው ልብ ወለድ ጾታቸው የማይለይ ሕዝቦችን ፈጥራ ሳለ ሁሉንም «እርሱ» እያለች ትጠራቸው ነበር። ሐያስያን ሲተቿት በ1976 መጣጥፍ ጽፋ ምርጫዋን ተከላከለች። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይታ ግን ያንኑ መጣጥፍ በራሷ ተቃውሞ አጅባ እንደገና አሳተመችው። የቀድሞውን ቃል አልሰረዘችም፤ ከጎኑ ተሳስቼ ነበር ብላ ጻፈች እንጂ። ብዙ ጸሐፊ የቀድሞ ስሕተቱን በአዲስ እትም ውስጥ ቀስ አድርጎ ያጠፋዋል። ለግዊን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ቴሃኑ»ም የተጻፈው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል፤ የቀድሞዎቹን ሦስት መጻሕፍት አንድ ቃል ሳይነካ፣ ከጎናቸው ሌላ ድምፅ ማስቀመጥ።

አሁን መጽሐፉን እንክፈተው። ቴናር በጎንት ገጠር ጎሃ ትባላለች፤ ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል። አንድ ቀን ወላጆቿ በሆኑ ወሮበሎች ተደፍራ፣ ተደብድባ፣ ወደ እሳት የተጣለች ሕፃን ይዘውላት ይመጣሉ። የልጅቷ የፊቷ አንድ ወገን ጠፍቷል፤ አንድ እጇ ኮምትሯል። ቴናር ቴሩ ብላ ጠርታ ታሳድጋታለች። ሽማግሌው ኦጊዮን ሲሞት አጠገቡ ያለችው ቴናር ናት፤ እውነተኛ ስሙን የሚነግረውም ለእርሷ ነው። የኦጊዮንን የቀብር ሥርዓት ለመፈጸም የመጡት ሁለት ጠቢባን ስሙን ከሴት አፍ መስማት እስኪቸግራቸው ድረስ ሲደናበሩ የሚታይበት ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ነው፤ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መንከስ ማለት ይህ ነው። ከዚያም ካሌሲን ከሰማይ ይመጣና ራሱን የሳተውን ጌድን ጥሎ ይሄዳል።

የአንባቢው ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ነው። የምናውቀው ጌድ፣ ዘንዶ በስሙ ያሰረ፣ በሙታን አገር የተመላለሰ ሰው፣ ሲነቃ ያፍራል። የንጉሡ መልእክተኞች ሊፈልጉት ሲመጡ ይሸሻል፤ በተራራው ላይ ፍየል ይጠብቃል። ስናነብ ነገ ኃይሉ ይመለሳል እያልን እንገልጣለን፤ አይመለስም። ወሮበሎቹ በሌሊት የቴናርን ቤት ሊሰብሩ ሲመጡ የሚያድናት በአስማት ቃል ሳይሆን በመንሽ ነው፤ ያውም አንዱን ወግቶ ለሞት ካደረሰው በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። በዚህም ላይ በቤት ውስጥ ሥራ የተሞሉ ገጾች አሉ፤ ፍየል ማለብ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ዕቃ ማጠብ። የቴናር ልጅ ስፓርክ ከባሕር ተመልሶ የበላበትን ሣሕን ለማንሣት እንኳ የሴት ሥራ ነው ብሎ እምቢ ይላል። ጀብዱ ፈልጎ የመጣ የዐሥራ አምስት ዓመት አንባቢ መጽሐፉን እዚህ ላይ ቢጥለው አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ የጌድን መውደቅ በተመለከተ ያለው ቅሬታ በእኔ አስተያየት ፍትሐዊ አይደለም። ኃይሉን የጨረሰው በ«ቴሃኑ» አይደለም፤ በ«ሩቁ ዳርቻ» ነው። ያን ጊዜ አላለቀስንም፤ እንዲያውም ክብር መሰለን። ምክንያቱም ሦስተኛው መጽሐፍ ሲያበቃ ተራኪው ጌድ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ በሁለት ዓይነት አፈ ታሪክ ሸፍኖ ነው የሚነግረን፤ አንዱ በጀልባው ብቻውን ወደ ባሕር ሄደ ይላል፣ ሌላው ወደ ጎንት ተራራ ጫካ ወጣ ይላል። አፈ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ጀግናውን ከዓይን ሰውሮ ያሳርፈዋል። «ቴሃኑ» ያደረገው ነገር ቢኖር ተራራውን ወጥቶ፣ ሰውየው አሁን ምን ይበላል፣ ማታ ምን እያሰበ ይተኛል ብሎ መጠየቅ ነው። የቀደመው መጽሐፍ የመስዋዕትነቱን ክብር ሰጠን፤ ይህኛው ዋጋውን አሳየን። የተቀየምነው በራሳችን ዕዳ ነው።

ቅሬታው ፍትሐዊ የሚሆንባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ደራሲዋን ስለማከብራት ብዬ ልሸፍናቸው አልሻም። የመጀመሪያው አስፐን ነው። አስፐን በሬ አልቢ ጌታ ቤት የሚኖር ጠቢብ ሲሆን ሴቶችን ይጠላል። ለምን ይጠላል? መጽሐፉ አይነግረንም። ከቀድሞው ጠላት ከኮብ ወገን እንደሆነ ይነገረናል፤ ሕይወትን ሁሉ እንደሚጸየፍ እናያለን፤ ሰው ሆኖ ግን አናየውም። ከላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ነጥብ እዚህ ይመጣል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ያስተማረን ክፋት የራሳችንን ስም ተሸክሞ እንደሚመጣ ነው። ኮብ እንኳ በሦስተኛው መጽሐፍ ሞትን የፈራ ሰው ነበር፤ ፍርሃቱ የኛም ስለሆነ ጠላነውም አዘንንለትም። አስፐን ውስጥ ግን የሚታወቅ ፊት የለም። ለግዊን ወንድነት የሚባለውን ኃይል ልትመረምር ተነሥታ፣ ምርመራውን ልታካሂድበት በሚገባት ሰው ላይ ስትደርስ በሩን ዘጋችው።

ለዚህ ክስ የሚሰጥ መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ያሳምነኛል። የተቃጠለችው ሕፃን ለደረሰባት ነገር በውስጧ ጥላ መፈለግ ግፍ ነው። ክፋት ሁሉ የራስህ ጥላ ነው የሚለው ትምህርት ኃይል ላለው፣ ለጌድ፣ ይሠራል፤ ኃይል ለሌላት ግን ጥፋተኛ ማድረጊያ ይሆናል። ምናልባት ለግዊን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሕግ የጣሰችው ሕጉ ለማን እንደ ተጻፈ ስላወቀች ነው። ቢሆንም ለቴሩ ጥላ አለመፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ለአስፐን ሰውነት አለመስጠት ሌላ።

ሁለተኛው የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። አስፐን ቴናርንና ጌድን በአስማት አስሮ፣ እንደ ውሻ እያዋረደ ወደ ገደል አፋፍ ይወስዳቸዋል። በዚያች ሰዓት ቴሩ ካሌሲንን በጥንታዊው ቋንቋ ትጠራለች፤ ዘንዶው መጥቶ ጠላቶቹን ያቃጥላል፤ ልጅቷንም በእውነተኛ ስሟ፣ ቴሃኑ ብሎ ይጠራታል፤ ልጄ ይላታል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ሰማይ ወለድ መፍትሔ ቆጥሮ ተቆጣ። እኔም ስቆጣ ከርሜ ኋላ እንደገና ሳነብ፣ መጽሐፉ ይህን መጨረሻ ገና ከጅምሩ ሲያዘጋጅ እንደ ነበር አየሁ። ኦጊዮን ሴትም ዘንዶም ስለ ነበረች የኬማይ ሽማግሊት የሚናገረው ታሪክ አለ። ፋን የተባለው አሮጌ ሸማኔ ቤት የተሰቀለው ማራገቢያም አለ፤ በአንድ በኩል ሰዎች፣ በሌላው በኩል ዘንዶዎች ተሥለውበታል፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ግን ሁለቱ ሥዕሎች ገጥመው ሰዎቹ ክንፍ ያወጣሉ። የኛ ተማሪ ይህን ሲያነብ ስለ ኅብረ ቃል ማሰቡ አይቀርም፤ አንዱ ገጽ ላይ ሰሙ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ወርቁ። ስለዚህ መጨረሻው በምሳሌ ደረጃ ተዘጋጅቷል። በትልም ደረጃ ግን አልተዘጋጀም። ማራገቢያው ቴሩ ምን እንደሆነች ይነግረናል፤ በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት ለምን ልትጠራ እንደ ቻለች ግን አይነግረንም። በምልክት የተከፈለ ዕዳ በድርጊት እንደ ተከፈለ አይቆጠርም።

ነገር ግን ያን ትዕይንት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን አድርጌ ማየቴን መተው አልቻልሁም። በሥዕሉ ላይ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ወጥታ ከታች የሚሆነውን ታያለች፤ ዘንዶውን የሚገድለው ባለፈረሱ ነው። ለግዊን ባለፈረሱን ከፈረሱ አወረደችው፤ ልጅቷን ከዛፉ አወረደቻት፤ ዘንዶውን የምትጠራውም ልጅቷ ሆነች። ደራሲዋ የኛን ሥዕል አይታ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የተረቱ ቅርጽ ግን አንድ ነው፤ የገለበጠችውም ያንን ቅርጽ ነው። በ1992 በኦክስፎርድ ባደረገችው ንግግር፣ በኋላም በመጽሐፍ መልክ በወጣው፣ ይህንኑ አስረድታለች፤ የጀግና ታሪክ የወንድ ታሪክ ሆኖ ስለ ቆየ እርሷም በወጣትነቷ እንደ ወንድ ሆና ትጽፍ እንደ ነበር ታምናለች።

ተከታይ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀይመው በሌላ መንገድ ነው። ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ በዐሥራ አምስት ዓመቱ የጀመረው «ኤራጎን» በ2003 በትልቅ አሳታሚ ወጥቶ በወጣቶች ዘንድ ከፍተኛ ተቀባይነት አገኘ። በ2005 የተከተለው «ኤልደስት» ገበያው ላይ ከመጀመሪያው ያላነሰ ቀናው፤ እኔን ግን አሰለቸኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በደን ውስጥ ከአስተማሪው ጋር ሆኖ የሚማረው ትምህርት አያልቅም። ለዓለም ቋንቋ፣ ካርታና የዘር ሐረግ ይጨመርለታል፤ ለሰውየው ግን እምብዛም አይጨመርለትም። የአጎቱ ልጅ ሮራን መንደሩን ይዞ የሚሰደድበት ክፍል ባይኖር ኖሮ መጽሐፉን ባልጨረስሁት ነበር። በሦስት መጻሕፍት ያልቃል የተባለውም ታሪክ በ2011 በአራተኛው ነው ያበቃው። የዚህ ዓይነቱ ተከታይ የሚበድለው የጠየቅነውን አብዝቶ በመስጠት ነው። «ቴሃኑ» ደግሞ ያልጠየቅነውን ሰጠ። ሁለቱን ቅሬታዎች በአንድ ስም መጥራት ሂስን ያሰንፋል።

«ቴሃኑ» ሲወጣ የምድረ ባሕር የመጨረሻው መጽሐፍ የሚል ንዑስ ርእስ ነበረው። አልሆነም። በ2001 የአጫጭር ታሪኮች ስብስብና «ሌላው ነፋስ» የተሰኘ ልብ ወለድ ተከተሉ። ከአጫጭሮቹ በአንዱ የሮክን ትምህርት ቤት ከመሠረቱት መካከል ሴቶች እንደ ነበሩበት፣ በኋላ ግን እንደ ተገፉ እንማራለን። በ«ሌላው ነፋስ» ደግሞ ቴሃኑ ክንፍ አውጥታ ትበራለች፤ ጌድ ያን ያህል የደከመለት የሙታን አገር ግንብም ይፈርሳል። ደራሲ የራሷን ዓለም ታሪክ እንዲህ ልትከልስ ትችላለች? አንዳንዶች ማጭበርበር ነው ይላሉ። የታሪክ ተማሪ ግን በዚህ ብዙ አይደነቅም፤ አዲስ ሰነድ ሲገኝ፣ ወይም አሮጌው ሰነድ ማን እንደ ጻፈው ሲጠየቅ፣ ያለፈው ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት የሚተርኩት የሮክ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ሴቶቹን ይጽፏቸው ነበር?

ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ የምድረ ባሕርን መጻሕፍት ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ሦስቱን ብቻ። «ቴሃኑ»ን ከንባብ ዝርዝሩ ያስወጣሁት እኔ ነበርሁ፤ ለተማሪዎቼም ደካማ ተከታይ ነው፣ ባታነቡት አይጎዳችሁም እል ነበር። አንድ ዓመት ስለ «አቱዋን መቃብሮች» ስንወያይ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ቴናር ከዚያ በኋላ የት ሄደች?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ የሚናገር አራተኛ መጽሐፍ አለ አልኋት። «ታዲያ ለምን ከዝርዝሩ ላይ የለም?» አለች። የሰጠኋት መልስ ስለ ትልም አወቃቀር ነበር። መልሴ ስሕተት አልነበረውም፤ ከላይ የጻፍሁትን ያህል ነው። ግን ጥያቄዋ ስለ ትልም አልነበረም። ያን ቀን ማታ መጽሐፉን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርሁ፤ ስለ ማራገቢያው ከላይ የጻፍሁት ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው።

አሁን አራተኛው መጽሐፍ በዝርዝሩ ላይ አለ። በክፍል ውስጥ ክርክሩ የሚነሣው ሁልጊዜ ከሁለት ቦታ ነው፤ ከጌድ መንሽና ከአስፐን። መንሹን በተመለከተ ወንዶቹ ተማሪዎች ከዓመት ዓመት እየለዘቡ መጥተዋል፤ ባለፈው የክፍል ውይይት አንዱ፣ ጌድ በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ ካደረገው ሁሉ እውነተኛውን ፍርሃት ያየሁት እዚህ ነው ብሎ ተከራከረ። በአስፐን ላይ ግን ስምምነት የለም። ያችው ቴናር የት ሄደች ብላ የጠየቀችኝ ተማሪ በኋላ ባቀረበችው የማሟያ ጽሑፍ አስፐን ፊት የሌለው ቴሩ ፊቷን ስላጣች ነው፣ ደራሲዋ ሆን ብላ ሚዛን አድርጋዋለች የሚል ትንተና አቅርባለች። ጽሑፉን በሙሉ ነጥብ አሳልፌዋለሁ፤ በኅዳጉ ላይ ግን አልተቀበልሁትም ብዬ ጽፌበታለሁ።